ልጄን ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች ያዘው፤ ሐኪሟ የጠየቀችኝ ግን ስለ ማድቤታችን ነው

የበኩር እናት (አዲስ አበባ)

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን የምጽፈው ልጄ አጠገቤ ተኝቶ፣ ትንፋሹን እያዳመጥኩ ነው። 14 ወሩ ነው። መጀመሪያ በነሐሴ፣ ከዚያ ደግሞ ባለፈው ሳምንት የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ተኛን። ሁለተኛው የከፋ ነበር፤ ሦስት ቀን በኦክስጅን ቆየ። ክትባቱን ሁሉ በጊዜው ወስዷል፤ ጡት አልነሳሁትም፤ ክብደቱም ጥሩ ነው። ምን አጎደልኩበት እያልኩ ስብሰለሰል ነበር።

ልንወጣ ስንል ያከመችው ዶክተር ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና «እንጀራ የምትጋግሩት የት ነው?» አለችኝ። ጥያቄው ግራ ቢያጋባኝም ነገርኳት። የምንኖረው አምስት ተከራይ ባለበት ግቢ፣ በሰርቪስ ቤት ነው። የጋራ ማድቤቱ ከበራችን ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው፤ ጣሪያውም ከእኛ ጣሪያ ጋር የተያያዘ ነው። አምስታችንም በየተራ በእንጨትና በጭራሮ ስለምንጋግር በሳምንት አምስት ቀን እሳት ይነዳል። ተራዬ ሲደርስ ልጄን የሚይዝልኝ ስለሌለ አዝዬው ነው የምጋግረው። ቤቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ማታ ማታ የከሰል ምድጃ አስገባለሁ። ዶክተሯ ሰምታ ስትጨርስ «ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ልልሽ አልችልም። ጭሱ ካልቀረ ግን ሦስተኛ ጊዜ ይዘሽው እንዳትመጪ እሰጋለሁ» አለችኝ።

ኤሌክትሪክ ምጣድ አለኝ። ለሠርጌ የተሰጠኝ ነው፤ እስከ ዛሬ ከካርቶኑ አልወጣም። ቆጣሪው አንድ ስለሆነ አከራያችን ገና ስንገባ «ምጣድ አይሰካም» ብለውናል። ቤት ለመቀየር አቅሙ የለንም። በዚህ ያለፋችሁ ምን አደረጋችሁ?

ነርስ ከጤና ጣቢያ

እህቴ፣ እንኳን ማረልሽ። ሌላው ሁሉ ይቆይና ዛሬ ማታ ያን ከሰል ቤት ውስጥ አታስገቢ። በደንብ የቀላ ከሰል ጭሱ ስለማይታይ የጠራ ይመስላል፤ ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ከዚያም እንቅልፍ ያመጣል። በየክረምቱ በር ዘግተው ተኝተው ጠዋት ያልተነሱ ሰዎችን ወሬ እንሰማለን። የአንድ ዓመት ልጅ ራሴን አመመኝ ብሎ አይነግርሽም። ለብርዱ ልብስ ደርቢለት፤ እቅፍሽም ይበቃዋል።

አሁን ስለ ጭሱ። ሕፃን ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከትልቅ ሰው የበለጠ አየር ይስባል፤ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳላ። የአየር ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ እኛን በሚያስለን ያህል እብጠት እርሱ ትንፋሽ ያጥረዋል። በቧንቧው ግድግዳ ላይ አቧራና ጀርም እየጠረጉ የሚያወጡ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች አሉ። ጭስ እነርሱን ያዳክማል፤ ሳንባ ውስጥ ጀርም የሚበሉ ሕዋሳትንም ሥራቸውን ያስታቸዋል። ጀርሙ ቀድሞውንም በአፍንጫና በጉሮሮ ነበር፤ ጭሱ በሩን ይከፍትለታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቤት ውስጥ ለጭስ መጋለጥ የትንንሽ ልጆችን የሳንባ ምች አደጋ ወደ እጥፍ ያደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሰበብ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ከ237 ሺህ በላይ ሕፃናት እንደሞቱም ገምቷል።

ትንፋሹን እያዳመጥኩ ነው ብለሻል፤ በትክክል መቁጠር ትችያለሽ። ሳያለቅስ፣ በተለይ ሲተኛ፣ ልብሱን ገለጥ አድርጊና ደረቱና ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። ከ2 ወር በታች 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ሳል ካለው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም። የደረቱ ታችኛው ክፍል አየር ሲስብ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ ሌሊትም ቢሆን አይታደርም።

የአንኮበር ልጅ

ነርሷን አከብራለሁ። ነገር ግን ሁላችንም በጭስ ቤት ነው ያደግነው። እናቴ አዝላኝ ጋግራለች፤ እኔ ይኸው 50 ዓመት ሞላኝ። አንዲት የተጨነቀች እናት ላይ ሌላ ጭንቀት ባንጨምርባት። እንጀራ ካልጋገረች ምን ልትበላ ነው?

የደብረ ማርቆስ አያት

የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ እኔ እየነገርኳት ነው።

ልጄ የአንኮበሩ፣ አንተ 50 ሞላህ፤ ደስ ይላል፤ ዕድሜ ይጨምርልህ። እኔ ስድስት ወልጄ ያሳደግሁት አራት ነው። የመጀመሪያዋ አርባዋን ሳትጨርስ፣ ሦስተኛው ደግሞ ድክ ድክ ማለት በጀመረበት ሞቱብኝ። ሁለቱም አሳላቸው፤ ሆዳቸው እንደ ወናፍ ሲነፋና ሲሟሽሽ አይቻለሁ። ስለ ሴቷ «ምች መታት» አሉኝ፤ ስለ ወንዱ «ዓይን ነው» ተባለ፤ እንጥሉንም አስቆረጥነው። በዚያን ጊዜ እኛ ዘንድ አራስ ቤት ማለት በሩ የተዘጋ፣ መስኮት የሌለው፣ ብርድ እንዳይገባ ቀዳዳው ሁሉ የተወተፈ ቤት ነው። እሳቱ ውስጥ ይነዳል፤ ኩበቱ ይጨሳል፤ ዕጣኑም ይጨመራል። እኔ ዓይኔን ሸፍኜ አለቅስ ነበር፤ ሕፃኗ ደግሞ ጭኔ ላይ ናት። ብርድን ስንፈራ ጭሱን ማን አሰበው?

የቀሩት አራቱ የተወለዱት ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማድቤቱን ለብቻው ከቤቱ ራቅ አድርጎ ከሠራ በኋላ ነው። ለምን እንደተረፉ አላውቅም፤ የእግዚአብሔር ሥራ ነው። ነገር ግን አሮጌው ቤት ሲፈርስ ከጣሪያው የወረደውን ጥቀርሻ ያየሁ ቀን ተቀምጬ አለቀስኩ። በክንድ የሚለካ ነበር። ያ ሁሉ እነርሱም ውስጥ ገብቶ ነበር ማለት ነው። እኛ የተረፍነው ስለ ጭስ እናወራለን፤ እነርሱ አፍ የላቸውም።

የአንኮበር ልጅ

እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። እናቴም ሁለት እንደቀበረች ጽሑፍዎን ሳነብ ነው ትዝ ያለኝ። የሞቱት በሳል እንደነበር ትናገር ነበር። አንድም ቀን ከማድቤቱ ጋር አገናኝቼው አላውቅም።

ምድጃ ሠሪ

የማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሥራ ላይ 11 ዓመት ቆይቻለሁ፤ ስለዚህ የምለው ነገር እኔንም ይነካል። «ምርጥ» የሚባለውን ምድጃ ሽጫለሁ፤ አሁንም እሸጣለሁ። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚይዘው ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን ወደ ግማሽ ይቀንሳል፤ ፊት አይለበልብም፤ ጭሱም ያንሳል። ለከሰሉ ደግሞ «ላቀች» የሚባለው ምድጃ አለ። ለጫካውም ለኪስም ጥሩ ናቸው።

ለሕፃን ሳንባ ይበቃሉ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አይበቁም። በጓቲማላ ደጋማ ስፍራ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ለቤተሰቦች ተሰጥቶ ሕፃናቱን ተከታትለው ነበር። ጭሱ በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ከባድ የሳንባ ምች ያነሰ ቢመስልም በአጠቃላይ የሳንባ ምች ላይ የታየው ለውጥ ግን ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥ አልነበረም። በማላዊ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት የተካተቱበት ጥናት የተሻለ ምድጃ ሰጥቶ በሳንባ ምች ላይ ልዩነት አላገኘም። ከዚያ በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ 3,200 ያህል ነፍሰ ጡሮችን አሳትፈው፣ ለግማሽ ያህሉ የሲሊንደር ጋዝና ምድጃ በነፃ ሰጥተው የሁሉንም ልጆች እስከ አንድ ዓመት ተከታተሉ። ጋዝ ባገኙት ቤቶች ጭሱ በእርግጥ ወረደ። ከባድ የሳንባ ምች ግን ጋዝ ባገኙትም ባላገኙትም ተቀራራቢ ሆነ።

ይህን ሳነብ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የያዝኩት ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው ወይ አልኩ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚባለው ደረሰብኝ።

ኬሚስትሪ መምህር (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ ተስፋ አትቁረጥ፤ ነገሩን ሌላ መንገድ ማየት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ በጣም ጥቃቅን ለሆነው ብናኝ፣ ማለትም ከ2.5 ማይክሮን ለማይበልጠው፣ የቀኑ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይላል። በእንጨት የሚጋገርበት ዝግ ማድቤት በመቶዎች፣ እሳቱ ሲቀጣጠል ደግሞ በሺዎች ይደርሳል። ከ1,000 ወደ 500 ብታወርደው ዓይን ያርፋል፤ ሳል ይቀንሳል፤ ልጁ ግን አሁንም ከልኩ 30 እጥፍ በላይ ውስጥ ነው ያለው። ጋዝ የገባላቸው ቤቶችም የጎረቤት ጭስ ይደርሳቸዋል፤ የመንገድ አቧራ አለ፤ ቆሻሻ ይቃጠላል። ሳንባ ምችን ደግሞ ክትባት፣ ምግብና የሕክምና ቅርበትም ይወስኑታል። ጥናቶቹ ጭስ አይጎዳም አላሉም። አንድ ምድጃ በአንድ ቤት መለወጥ ብቻውን ልጁን እንደማያድነው ነው የነገሩን።

የዚህች እህት ጉዳይ ራሱ ማስረጃ ነው። እርሷ ብቻ ምርጥ ምድጃ ብትገዛ አራቱ ጎረቤቶቿ በጉልቻ ከቀጠሉ ምን ይለወጣል?

የበኩር እናት

መምህር፣ ልክ ብለዋል። አራት ቀን የሰው ጭስ፣ አንድ ቀን የራሴ ጭስ ነው የሚገባብን።

ጤና ኤክስቴንሽን (ምሥራቅ ጎጃም)

እኔ ከገጠር ልጨምር። ቤት ለቤት ስሄድ «ጭስ አታብዙ» ብዬ መናገር ከተውኩ ቆየሁ፤ ሴቶቹ ሰድቤያቸው የሄድኩ ይመስላቸዋል። እንጨት ለቅማ፣ ተሸክማ፣ እፍ እፍ ብላ ያቀጣጠለችው እርሷ ናት፤ ጭሱን ወድዳ አይደለም። አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስትጋግሪ ልጁ የት ነው?» መልሱ ሁልጊዜ ጀርባዋ ላይ ወይም ከምድጃው አጠገብ ነው። ጀርባ ላይ ያለ ልጅ አፍንጫው ጭሱ በሚወጣበት ከፍታ ላይ ነው፤ እናቱ ጎንበስ ስትል እርሱም አብሮ ይጎነበሳል።

ስለዚህ ባሏን፣ አማቷን፣ ትልቋን ልጅ እጠራለሁ። ለሁለት ሰዓት ውጭ ዛፍ ሥር ማን ይያዘው? በአንዳንድ ቤት አባትየው መያዝ ጀምሯል። መጀመሪያ ሰው አየኝ ብሎ ያፍራል፤ ከዚያ ይለምደዋል። ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። እንጨቱን ቀድሞ በደንብ ማድረቅም ትልቅ ነገር ነው፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ የከፋ ጭስ አለው።

በነገራችን ላይ ለሳንባ ምች የሚሰጠው አሞክሲሲሊን በጤና ኬላ አለ፤ ትንፋሽ ቆጥረን መስጠት ከጀመርን አሥር ዓመት አልፎናል። የሳንባ ምች መከላከያ ክትባቱም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። እባካችሁ እንጥል አታስቆርጡ። ልጁ በደም መፍሰስና በቁስል ሊሞት ይችላል፤ ሳንባው ውስጥ ያለው ደግሞ እዚያው ነው።

ከሜሪላንድ

እኛ አሜሪካ ያለነው ከዚህ ነገር የራቅን ይመስለናል። ሴት ልጄ አራት ዓመቷ ነው፤ አስም አለባት። አፓርታማችን ምድጃው በጋዝ ነው፤ ከላዩ ያለው ማራገቢያ አየሩን ወደ ውጭ አያወጣም፤ አጣርቶ መልሶ እዚያው ይለቀዋል። የጋዝ እሳት ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ያመነጫል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት በዚህ አገር ካለው የልጆች አስም 12.7 በመቶ ያህሉን ከጋዝ ምድጃ ጋር አያይዞት ነበር፤ በአኃዙ ላይ ብዙ ክርክር አለ። እኔ ክርክሩን ለባለሙያ ትቼ ስበስል መስኮት መክፈት ጀመርኩ።

የከበደኝ ግን ዕጣኑ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዳ ይመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ ክረምት ስለሆነ መስኮቱ ዝግ ነው፤ ዕጣኑ ቤቱን ይሞላል። በማግስቱ ልጄ በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒቷን ሁለት ሦስት ጊዜ ትስባለች። ዕጣን የሌለው ቡና ለእናቴ ቡና አይደለም። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። አሁን ቡናውን ስንቆላም ሆነ ዕጣኑን ስናጨስ በረንዳ ላይ ነው፤ ስኒው ውስጥ ይቀርባል። እናቴ «ሽታው በበሩ ትንሽ ከገባ ይበቃኛል» ብላኛለች። ይህን ያለችው ስለ ልጅ ልጇ መሆኑን ስለማውቅ በጣም ነካኝ።

እንጀራ ጋጋሪ (አዳማ)

እኔ እንጀራ ጋግሬ ነው የምሸጠው። በቀን እስከ 120 እንጀራ አወጣለሁ። መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ ነው፤ ሲጠፋ ወደ እንጨት እመለሳለሁ፤ ደንበኛ መብራት ጠፋ ብሎ አይታገሥም። ልጄ ያደገችው ከሊጡ ባልዲ አጠገብ በተዘረጋ ካርቶን ላይ ነው። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስትሮጥ ደረቷ ያፏጫል። ይህን ውይይት ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ልጄ በግንቦት ይወለዳል። ከሥራው መውጣት አልችልም። ግን ለእርሱ ካርቶን እዚያ አልዘረጋም።

ጤና ኤክስቴንሽን (ምሥራቅ ጎጃም)

እህቴ፣ ሆድሽ ውስጥ ያለውም ጭሱ ይደርሰዋል። ጭስ የሚበዛባቸው ነፍሰ ጡሮች ልጆች ክብደታቸው ያነሰ ሆነው የመወለድ ዕድላቸው ይጨምራል። ቢያንስ የእንጨቱን ቀን ምጣዱን ወደ ደጅ አውጥተሽ ከላይ ቆርቆሮ ብቻ ያለው ዳስ ሥር ጋግሪ፤ ግድግዳ አይኑረው። ትልቋንም ለሐኪም አሳያት፤ ፉጨቱ አስም ከሆነ መድኃኒት አለው።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ፤ እህታችን የጠየቀችው ስለ አከራይዋ ነው፤ እስካሁን ያንን የመለሰላት የለም።

ኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። 3.5 ነው እንበል። የሳምንት እንጀራ በሁለት ሰዓት ብታወጪ 7 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በወር ወደ 30። ይህን በወረቀት ጻፊና ከመብራት ቢሉ ታሪፍ ጋር አባዢው፤ አከራይሽ ፊት የምታስቀምጪው ቁጥር ይሆንልሻል። አከራዮች የሚፈሩት ሒሳቡ ስለማይታያቸው ነው። ምጣዱ በሚሰካበት መስመር ላይ ትንሽ ንዑስ ቆጣሪ ቢገባ ደግሞ ጠብ አይኖርም፤ የቆጠረውን ትከፍያለሽ።

ፍርሃታቸው ግን ሙሉ በሙሉ ያለ ምክንያት አይደለም። 3.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ነው። የሰርቪስ ቤት ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም፤ ይግላል፤ ቤት ያቃጥላል። በማከፋፈያ ገመድ ጨርሶ እንዳትሰኪው። ከቆጣሪው ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም መስመር፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል። አምስት ተከራይ ከሆናችሁ ወጪውን ለአምስት ተካፈሉት። አንድ መስመር ማድቤቱ ውስጥ ከገባ አምስታችሁም በየተራችሁ ትጠቀሙበታላችሁ፤ አምስት ምጣድ በአንድ ጊዜ ስለማይሰካ ቆጣሪውም አይጨነቅም።

ምድጃ ሠሪ

ይህን መልስ ሳነብ ልቤ ዘለለ። አምስት ቤት በአንድ ላይ! እኔ 11 ዓመት ሙሉ ለአንድ ሴት አንድ ምድጃ ስሸጥ ነበር።

የበኩር እናት

ሦስት ሳምንት አለፈ፤ የጠየቃችሁኝን ልንገራችሁ።

ከጎረቤቶቼ ሁለቱ ወዲያው ተስማሙ። አንዷ የስምንት ወር ልጅ አላት፤ ለካ እርሷም በሳል ተቸግራ እኔን ለመጠየቅ ስታፍር ነበር። አራተኛዋ ገንዘብ የለኝም አለች፤ እውነቷን ነው፤ የእርሷን ድርሻ ለአራት ተካፈልነው። አከራያችን ዘንድ የሄድነው አምስታችንም አብረን ነው። ባለቤቴ የወሩን ሒሳብ በደብተር ወረቀት ጽፎ ይዞ ነበር። እትዬ መጀመሪያ አልተቀበሉንም፤ «ዛሬ ምጣድ፣ ነገ ሌላ» አሉ። ያሸነፋቸው ሒሳቡ አይደለም። የደብረ ማርቆስ እናታችን የጻፉትን ከስልኬ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እኔም አንድ ቀብሬያለሁ» አሉ። በማግስቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠሩ፤ ከሽቦው ዋጋ ግማሹን ራሳቸው ቻሉ።

መብራት በጠፋ ቀን አሁንም እንጨት አለ። በዚያን ቀን ባለቤቴ ልጁን ይዞ ከግቢ ይወጣል፤ ከሰፈሩ ዳቦ ቤት ፊት ያለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ከሰሉን ከቤት አውጥቻለሁ። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሦስታችን አንድ አልጋ ላይ ነን።

ትናንት ማታ ተኝቶ ሳለ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩት፤ 31 ነው።

የደብረ ማርቆስ አያት

ተመስገን። አከራይሽን ሳሚልኝ፤ ስማቸውን ባላውቀውም።